ጥለቱን ዐይተን ጉድጓዱን ያላየን

ወገኖቼ፣ በሽሮ ሜዳና በዙሪያዋ የምንኖር፣ ወሬ የምንነግርና ወሬ የምንሰማ፣ ካሜራ የምናነሣና ካሜራ ያነሣውን በየስልካችን ላይ አቀርቅረን የምናይ ሁላችን፣ ጥፋታችን ተሰውሮብን አይደለም። ስለ ሕሙሙ፣ ስለ አካል ጉዳተኛው፣ ኑሮ ስለ ጎዳው ጎረቤታችን የምናወራው በዝቷል፤ የምንመሰክረው ግን ነጥፏል። ፍርድ የሚሻውን ነገር ለእንባ አቀረብነው፤ ጥያቄ የሚገባውን ነገር በዋሽንት አጀብነው፤ የጎደለውን ከመመርመር ይልቅ የጎደለበትን ሰው አደባባይ አውጥቶ ማሳየት ሙያ መስሎን፣ በዚያም ሙያ መወደስ ጥሞን፣ ዓመት በዓመት ላይ ስንጨምር ኖርን። ይህን ስል ከዳር ቆሜ አይደለም፤ ከእናንተው ጋር በአንድ ገበታ የበላሁ ነኝና ተግሣጹ እኔንም ይዞ ይሂድ።

ሥርዓቱ አልተነገረንም እንዳንል፣ ሥርዓቱ በየመንደራችን ጡሩምባ ይዞ ሲዞር ኖሯል። የእድር ለፋፊ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ የእንጦጦን ብርድ በጋቢው ተከናንቦ፣ በየቅያሱ እየቆመ ሲለፍፍ የሟቹን ስም ይጠራል፣ የማን ወገን እንደሆነ ይናገራል፣ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ያመለክታል፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት በየትኛው ደብር እንደሚፈጸም ያስታውቃል። አያለቅስም፤ ልቅሶው የባለቤቶቹ ነው። የሟቹን ድህነት አይዘረዝርም፣ የደዌውን ዓይነት አያጣፍጥም፤ ስሙን ቢስት ግን ይጠየቃል፣ ሰዓቱን ቢያዛባ እድርተኛው ይወቅሰዋል። ለባለጠጋው ጡሩምባውን አያስረዝምም፣ ለድኻው አያሳጥርም። እርሱ ለፍፎ ሲያልፍ ድንኳኑ ይወጣል፣ ወንበሩ ይቆጠራል፣ ድስቱ ይጣዳል፤ ወሬው ዓይን አርጥቦ የሚቀር ሳይሆን እጅ የሚያንቀሳቅስ ነው። ለሟች የጠበቅነውን ይህን ጨዋነት በሕይወት ላለው ሕሙም የነፈግነው እኛ ነን፤ ባዕድ መጥቶ አልነጠቀንም።

አሁን የምንሠራውን እንይ። አንዲት እናት በአንዲት የኪራይ ክፍል፣ መራመድና መናገር የማይችል የሰባት ዓመት ልጅ ይዛ ትኖራለች እንበል፤ እንዲህ ያለች እናት የሌለችበት ሰፈር የለምና ማንንም መጥቀስ አያሻም። ካሜራው ጫማውን ሳያወልቅ ይገባል። መብራት ይበራል፤ የልጁ እግር በደንብ እንዲታይ ብርድ ልብሱ ይገፈፋል፤ ለመገፈፉም ልጁን የሚጠይቀው የለም። ጠያቂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያን ጊዜ ምን ተሰማሽ?» ይላል፤ ታሪኳን እንደ ነገሩ ስትናገር በትዕግሥት ይጠብቃታል፤ እንባዋ ሲመጣ ካሜራው ይጠጋል፣ ሳይመጣ ሲቀር ጥያቄው ይደገማል። በኋላ ዋሽንቱ ይገባበታል፣ ከግርጌው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይጻፋል፣ በላዩም «እንባዎን መቆጣጠር አይችሉም» የሚል ርእስ ይለጠፋል። ሁለት መቶ ሺህ ሰው ያየዋል። ልጁ በሕይወት ቆይቶ ሲያድግ፣ እርቃን እግሩን ለመንገደኛ ሁሉ የገለጥንበትን ያን ምስል እርሱም ያየዋል።

በዚያች ክፍል ውስጥ ያልተጠየቀውን ደግሞ እንቁጠር። ልጁ ስለ ምን ትምህርት ቤት አልገባም? በአቅራቢያው የልዩ ፍላጎት መምህር ያለው ትምህርት ቤት የትኛው ነው፣ ስንት ልጅስ ይቀበላል? የፊዚዮቴራፒ ሕክምና የት ይሰጣል፣ ቀጠሮውስ ምን ያህል ይርቃል? የወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይህችን እናት መዝግቦ ያውቃታል? ተሽከርካሪ ወንበር ቢመጣላትስ ከክፍሏ እስከ አስፋልቱ ባለው ድንጋያማ ዳገት ማን ይገፋዋል? ከእነዚህ አንዱ ተጠይቆ፣ መልሱም በስሙና በቀኑ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ለእርሷ ብቻ ሳይሆን ካሜራ ለማይደርስላቸው ለብዙዎች በተረፈ። እኛ ግን የቸገራትን ጠይቀን ያስቸገራትን ሳንጠይቅ ወጣን፤ የወጣንበትንም በር ዘወር ብለን አላየነውም፤ ብናየው ደፉ አንድ ክንድ ከፍታ እንዳለው፣ ከልጁ ጋር ቤት ውስጥ ያሰራትም ከሁሉ አስቀድሞ ያ ደፍ እንደሆነ ባስተዋልን ነበር።

ሰሚዎችና ተመልካቾች ንጹሓን አይደለንም። ገዢ የሌለው ሸቀጥ ገበያ አይወጣም፤ ይህን ከሽሮ ሜዳ ነጋዴ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለ ጤና ጣቢያው የመድኃኒት እጥረት የተሠራ ዘገባ ሲመጣ አልፈነው፣ የሚያስለቅሰውን ፈልገን አገኘነው፤ ጥቂት ብር በስልካችን ልከን፣ መላካችንንም ለወዳጅ አሳይተን፣ ልባችን ቀልሎት ተኛን። ቀኝ የሰጠችውን ግራ እንዳታውቅ የታዘዝን ሕዝብ ነበርን፤ ሙስሊሙ ወገናችንም ሰደቃውን ከሰው ዓይን መሠወርን እንደ ክብር ሲማር ያደገ ነው። መስጠቱን አልነቅፍም፤ ጦሙን ለሚያድር ሰው የፖሊሲ ውይይት እንጀራ አይሆነውም። የምነቅፈው በሰጠነው ምጽዋት የገዛነውን ዝምታ ነው፦ ሰጥቻለሁና አልጠይቅም፣ አዝኛለሁና አልበደልኩም፣ አልቅሻለሁና ዕዳ የለብኝም የምንልበትን ያን የተመቸ እንቅልፍ።

በየዓመቱ ጥቅምት 14 የምናከብረውን ገብረ ክርስቶስን እናስብ። የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ ከሠርጉ ቤት ወጥቶ ሄደ፣ መልኩ በደዌ እስኪለወጥ ድረስ ለመነ፣ ተመልሶም በገዛ አባቱ ደጅ ከነዳያን ጋር ሲተኛ ከቤተሰቡ ያወቀው አልነበረም። የቤቱ አሽከሮች ያንጓጠጡት፣ እጣቢ የደፉበት፣ ውሾች ግን ቁስሉን የላሱለት ያ ሰው ማን እንደሆነ የታወቀው ካረፈ በኋላ በእጁ ከተገኘው ጽሑፍ ነው። የጻፈውም ራሱ ነበር። ይህን ገድል ስንሰማ በአሽከሮቹ እንፈርዳለን፤ ነገር ግን በእጁ ወረቀት እንዳለ ጠይቀን የምናውቀው የትኛውን የደጃችንን ሕሙም ነው? ስለ እርሱ እኛ እንናገራለን፣ ስለ እርሱ ባለሙያ ይናገራል፣ ስለ እርሱ ባለሥልጣን ይናገራል፤ እርሱ ራሱ የሚናገረው ስለ ሕመሙ ብቻ፣ ያውም እስከሚያለቅስ ድረስ ነው።

ሽሮ ሜዳን አገር የሚያውቃት በጥለቷ ነው። መስቀል ሲቃረብ፣ ገናና ጥምቀት ሲደርስ፣ ለፋሲካ ነጭ ልብስ ሲፈለግ፣ ካሜራዎቻችን ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ዘንድሮ ምን ዓይነት ጥበብ እንደወጣ፣ ቀሚሱ ስንት እንደገባ፣ ከፋብሪካ የመጣው ማስመሰያ ገበያውን እንዴት እንዳናጋው ይነገራል። መልካም፤ እርሱም ዜና ነው። ከሱቆቹ ጀርባ ግን የሚወርዱ ጠባብ መተላለፊያዎች አሉ፤ በእነርሱ የሚወርድ ካሜራ ጥቂት ነው። እዚያ ሸማኔው በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ታች ሰድዶ፣ መርገጫውን በእግሩ እያፈራረቀ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ እየወረወረ፣ ዓይኖቹን ከድሩ ሳይነቅል ይውላል። ወለሉ አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ ከጉድጓዱ ርጥበት ይመጣል፤ መስኮቱ ትንሽ ነው፣ ወይም የለም። የጥጥ ብናኝ ከአየሩ ጋር ይተነፈሳል። በአንዲት ክፍል ሦስት አራት ሰው ይሸምናል፣ እዚያው ያድራል፤ አንዱ ሲያስል ሁሉም ይሰማል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል መመርመር እንዳለበት የጤና ባለሙያ ሁሉ ያስተምራል፤ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያነት ለብዙ ዘመን የታወቀው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልም ሩቅ አይደለም፤ በዚያው በእንጦጦ ግርጌ ነው። ነገር ግን ሸማኔው የሚከፈለው በቁራጭ ነውና፣ ለምርመራ የሄደበት ቀን ያልተሸመነ ቀን ነው፤ ስድስት ወር የሚወሰደውን መድኃኒት ሊጀምር ሲል የሚያስበው ስለ ሳንባው ሳይሆን ስለ ቤት ኪራዩ ነው። ይህን ስሌት ቁጭ ብሎ ከእርሱ ጋር ያሰላ ዘጋቢ ከመካከላችን ማን ነው?

ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ ተራሮች፣ «አዲስ አበባ ትማራለህ» ተብለው መጥተው ከዚያው ጉድጓድ የተቀመጡ ሕፃናትም ነበሩ፣ አሁንም የሉም የሚል ካለ ይማልልኝ። ሌላም አለ። የጉድጓዱ መሸመኛ እግር ይፈልጋል፤ በአደጋ ወይም በደዌ እግሩን ያጣ ሸማኔ ከአባቱ የወረሰውን ሙያ በአንድ ቀን ያጣል። ሸማኔው እግሩን በሰበረ ማግስት ዜና እንሠራለታለን፤ በእጅ ብቻ የሚሠራ መሸመኛ ሊበጅ ይቻል እንደሆነ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይህን ሞክረው ያውቁ እንደሆነ፣ የሸማኔዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለእንዲህ ያለ ቀን ያስቀመጡት ነገር እንዳለ ግን አንጠይቅም። ጥለቱን በአንገታችን አስረን እንዞራለን፤ ያ ጥለት ከየት ጉድጓድ እንደወጣ አለማወቃችን ንጽሕና ይመስለናል።

እንዳንዋሽ፣ መልካም የሠራንበትም ዘመን ነበር፤ ጥፋታችንን የሚያከብደውም ይኸው ነው፤ ያላወቅነውን ሳይሆን ያወቅነውን ትተናልና። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትና ወደ እንጦጦ ማርያም፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው ሰዎች ከየአገሩ ጸበል ፍለጋ የመጡበትን፣ በየጎጆውም በኪራይ የሰፈሩበትን ጊዜ የሰፈራችን ሽማግሌዎች አይረሱትም። አንዳንዱ ቤተሰቡ ያባረረው ነበር፣ አንዳንዱ ራሱን ያባረረ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ጸበልን የያዘ መድኃኒትን እንዲተው የሚመክር ድምፅ በየስፍራው ነበረ፤ በዚያም ምክንያት ሊድን የሚችል ሰው ሞቷል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ በአደባባይ ሲናገሩ፣ ያን ቃል ከጸበሉ ደጅ እስከ ጎጆው ማድረስ የወሬ ነጋሪ ሥራ ነበር፤ ያደረሱም ነበሩ። በዚያው ሰሞን «ቤተኛ» የተሰኘው የሬዲዮ ማስታወሻ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ኑሯቸውን በገዛ ድምፃቸው ሲያወጉ አሰማን፤ ስለ ቀጠሮአቸው፣ ስለ ትዳራቸው፣ ስለ አከራያቸው፣ ስለ ሥራ ፍለጋቸው። ጎረቤት ጎረቤቱን በዚያ ድምፅ ውስጥ አወቀው። ከዚያም ቀደም ብሎ መቅድምና ተስፋ ጎህ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ማኅበራት፣ ስማቸውንና ፊታቸውን ሳይሸሽጉ በመድረክ ቆመው ነበር፤ ያን ጊዜ ይህን ማድረግ ከቤት ያስወጣ፣ ከሥራ ያስባርር እንደነበር የዛሬ ልጅ አያውቅም።

ታዲያ ያ ጥበብ የት ገባ? የእርዳታው ገንዘብ ሲሳሳ ድምፁም ሳሳ። ለካ ብዙዎቻችን ስንመሰክር የነበረው በሕሊና ሳይሆን በፕሮጀክት ኖሯል፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሕሊናውም መዝገቡን ዘጋ። በዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት መጻጕዕን የምናስብ እኛ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋው ላይ ሆኖ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ያጣውን ሰው ታሪክ በየዓመቱ ስናስተነትን፣ ውኃው ከደጃችን እየፈሰሰ ሰው የሌላቸውን ተሻግረናቸው ስናልፍ አንደነግጥም።

እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ ሴቶችን የማያስታውስ የሽሮ ሜዳ ሰው የለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ያበቀለውን ጫካ ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው አዝለው፣ አንዳንዴ ከራሳቸው ክብደት የሚስተካከል ሸክም በገመድ ታጥቀው፣ አጎንብሰው ሲወርዱ ለብዙ ዓመታት አየናቸው፤ ቱሪስት ፎቶ አነሣቸው፣ እኛም አነሣናቸው። ስለ ወገባቸው፣ ስለ ማሕፀናቸው መውደቅ፣ ሸክም ላይ ሳሉ ስለ ጨነገፈው ጽንስ የጠየቁት ጥቂት አጥኚዎች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የእንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ ጫካው መዝናኛ ሆነ፤ ከእነዚያ ሴቶች ሥራ ያገኙ እንዳሉም በደስታ ተነገረ። ይሁን፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ደስታው ከተነገረ በኋላ ተመልሶ ስንቶቹ እንደገቡ፣ ስንቶቹ እንደቀሩ፣ ወገባቸው ለሥራ የማይበጅ የሆነባቸው አሮጊቶች በምን እንደሚኖሩ የጠየቀ ማን ነው? የምርቃት ዜና ሪባን እንደተቆረጠ ያልቃል፤ የሰፈር ዜና ግን የሚጀምረው ሪባኑ ከተቆረጠ በስድስተኛው ወር ነበር።

ስለ ሕጉ ደግሞ አለማወቃችንን ምክንያት ልናደርግ አንችልም፤ በአማርኛ ተጽፎ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሟልና። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና አሳዳጊ ላጡ ሕፃናት ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ቀጣሪ በአካል ጉዳት ምክንያት ሰውን እንዳይገፋ ከልክሏል፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድና ደረጃ መውጣት ለማይችል መግቢያ እንዲኖረው አዟል፤ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቅነው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በስምንተኛው አንቀጹ መገናኛ ብዙኃንን ስም ጠርቶ፣ አካል ጉዳተኞችን ክብራቸውን በጠበቀ መንገድ እንዲያቀርቡ ማበረታታት የመንግሥት ግዴታ መሆኑን ይናገራል። የማኅበረሰብ ሬዲዮም ቢሆን ከ1999 ዓ.ም. የብሮድካስት አዋጅ ጀምሮ በሕግ የታወቀ ነው፤ በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅም አላስቀረውም። እንግዲህ የጎደለን ፈቃድ አይደለም።

ሜትር የሚይዝ ዘጋቢ ነው የጎደለን። በተለመደው መለኪያ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይሻል። ሦስት ደረጃ፣ እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር ነውና መወጣጫው ከአምስት ሜትር ከግማሽ ጥቂት ያነሰ ርዝመት ሊኖረው ይገባል። አሁን ተነሥታችሁ በየመሥሪያ ቤቱና በየባንኩ ደጅ ያለውን እዩት፦ ከደረጃው ጎን የተለሰነ፣ እንደ ልጆች መንሸራተቻ የተዘቀዘቀ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከግማሽ ያልሞላ ሲሚንቶ። ሠሪው ሕግ የፈጸመ ይመስለዋል፣ ተቆጣጣሪው ፈርሞበታል፣ እኛም በምርቃቱ ቀን በዚያው አጠገብ ቆመን ፎቶ አንሥተናል። ብቻውን በወንበር የመጣ ሰው ሽቅብ ሊወጣው ቢሞክር ወደ ኋላ ይገለበጣል። ይህን ለማወቅ ምሁርነት አያስፈልግም፤ አምስት ደቂቃና ከማንኛውም ልብስ ሰፊ የምንዋሰው አንድ ሜትር ይበቃል፤ ሽሮ ሜዳ ደግሞ የልብስ ሰፊ ድኻ አይደለችም። ዳገቱን እግዚአብሔር ፈጠረው እንበል፤ ደረጃውን ግን እኛ ነን ያነጠፍነው። በዕውር መንገድ ላይ ዕንቅፋት ማኖርን ኦሪት የከለከለችው ለድንጋይ ብቻ ይመስለናል? ያልተከደነ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ የተደረደረ ሸቀጥ፣ ለዓይነ ስውራን ተብሎ በተነጠፈው ባለ ጉብጉብ ንጣፍ ላይ የቆመ መኪና፣ እነዚህ ሁሉ ምን ሊባሉ ነው?

ከንቱ ውዳሴያችን ደግሞ ኅዳር ላይ ይሠለጥናል። ኅዳር 22 የኤድስ ቀን፣ ኅዳር 24 የአካል ጉዳተኞች ቀን፦ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ አበል ይከፈላል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣው እንግዳ ለፎቶ ከፊት ይቀመጣል፣ ለንግግር ሲሆን ግን ሰዓት ያልቃል። በኅዳር 25 ሁሉም ወደ ቤቱ ነው። ከዚያው ወር በ12ኛው ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን ሰፈሩን በጭስ የምናጥነው ለምን እንደሆነ ልጆቻችንን ብንጠይቅ ስንቱ ይመልሳል? በ1911 ዓ.ም. በኅዳር አገሩን የፈጀው የኅዳር በሽታ፣ ዓለም የስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ ያለው ወረርሽኝ፣ አዲስ አበባን ሬሳ ቀባሪ አሳጥቷት ነበር፤ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። አባቶቻችን ያን መከራ እንዳይረሳ በልማድ አተሙት። እኛ ጭሱን ወረስን፣ ዜናውን ግን ጣልነው፤ የሚነደውም ላስቲክ ሆኗልና፣ በሽታን ለማሰብ የተሠራው ልማድ ዛሬ አስም ያለበትን ጎረቤት ያስለዋል።

ከሕሙማን ደጅ መዘገብ ለዚህ አገር ጋዜጠኝነት እንግዳ ነው የሚል ካለ፣ ይህን ይስማ፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905፣ አዲስ ዘመን ከመታተሙ 36 ዓመት አስቀድሞ፣ በሐረር የካፑቺን ሚሲዮናውያን በሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያቸው ባቋቋሙት ማተሚያ በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማውጣት ጀምረው ነበር፤ በኋላ «የኢትዮጵያ ዘሪ» የሚል ትርጉም ያለውን ስም ይዞ የዘለቀው እርሱ ነው። በአገራችን ከቀደሙት የኅትመት ውጤቶች አንዱ የወጣው ሰው ሁሉ ከሚሸሸው ግቢ ነው። ዛሬ የኅትመትና የሬዲዮ ባለቤቶች ቢሮአቸውን የሚመርጡት ሊፍት ቢኖረውም ባይኖረውም ከአደባባይ በሚታይ ሕንፃ ላይ ነው፤ ወደ ስቱዲዮው መውጣት ያልቻለውን እንግዳ በስልክ ያነጋግሩታል፣ ስልክ የማይሰማውን ደግሞ ጨርሰው ይተዉታል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ በማን ላይ ወደቀ? በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ሆኖ የተመዘገበው ወገን ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞላም፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ግን ጥቂት ዓመታት ቆይተው ባወጡት ዘገባ የዓለም ሕዝብ ከመቶ 15 ያህሉ ከአንድ ዓይነት ጉዳት ጋር እንደሚኖር ገምተዋል። መጠይቁ ጠባብ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ቆጣሪው በር ሲያንኳኳ ልጁን ወደ ጓዳ ያስገባች እናትም ነበረች፤ ያስገባችውም ጎረቤት እርግማን እንደሚለው ስለምታውቅ ነው፤ ጎረቤቱም እንዲያ የሚለው የሰፈሩ ወሬ ሌላ ስላላስተማረው ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዓይነ ስውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ማን በድሎ ነው?» ብለው ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላም ሽሮ ሜዳ አልደረሰም ማለት ነው። ያልተቆጠረ ሰው በጀት የለውም። በጀት የሌለው ሰው መወጣጫ፣ መምህር፣ አስተርጓሚ የለውም። መስማት የተሳናት ነፍሰ ጡር ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ስትደርስ፣ አዋላጇ የምትላትን ሳትረዳ፣ የሚያማትን ሳታስረዳ ትወልዳለች፤ በማግሥቱ ከእኛ ማንም አይጠይቃትም፤ ብንሄድም የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ይዘን አንሄድም።

ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይገባል። ከዚያ በፊት የየወረዳው ምክር ቤት ይሰበሰባል፤ ለሕዝብ የሚነበብ ሰነድም ይኖራል። ከእኛ መካከል አንዱ ሄዶ ይቀመጥ፤ ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ተብሎ የተያዘው ስንት እንደሆነ፣ ከዓምና ምን ያህሉ እንደወጣ፣ በምን ላይ እንደወጣ ይጻፍ፤ በጤና መድኅን የሚታከሙ ወገኖች «መድኃኒቱ የለንም፣ ከውጭ ግዙ» የሚባሉት ስለ የትኞቹ መድኃኒቶች እንደሆነ በስም ይዘርዝር፤ በቀጣዩ ሩብ ዓመት ተመልሶ ይጠይቅ። ዘጋቢውም ቢቻል ራሱ ዓይነ ስውር፣ ወይም በወንበር የሚሄድ፣ ወይም ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ ያደገ ይሁን፤ ክፍያውም እንደማንኛውም ዘጋቢ የሙያ ክፍያ ይሁን እንጂ «ለማበረታታት» የሚጣልለት የትራንስፖርት ሳንቲም አይሁን። አንዲት ነገር ደግሞ ለምክር ቤቱ ከወዲሁ ትነገር፦ ስብሰባው ምድር ቤት ይጠራልን፤ ስለ አካል ጉዳተኞች የሚመክረው ጉባኤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሰበሰብ ኖሯል፣ እኛም በዚያው ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ኖረናል።